ወጨጫን መውጣት፦ በአዲስ አበባ ደጃፍ ያለውን አሮጌ እሳተ ገሞራ ለሚጎበኙ ዝርዝር መመሪያ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የነበረው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሲያወዛውዝ፣ «እኛ ጋስ እሳተ ገሞራ አለ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከታክሲ እስከ ቢሮ ሲነሳ ሰንብቷል። አለ። እንዲያውም በየቀኑ እያያችሁት ነው። አየር ጤና ወይም ቀራንዮ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ አድማሱን የዘጋው ትልቅ ተራራ ወጨጫ ይባላል፤ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በደቡብ በኩል ያለው ፉሪም፣ ከቦሌ ማዶ በምሥራቅ የሚታየው የረርም እንደዚሁ።

ስጋት አይግባችሁ። ወጨጫ እሳቱ ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል። ጭስ የለውም፣ ፍል ውሃ አይተፋም፣ አናቱ ላይ ሐይቅም አልተኛበትም። ምናልባትም ለዚህ ነው ብዙ ሰው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሲሄድ ጫካውን ብቻ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የያዘውን ምሳ በልቶ የሚመለሰው። ጫካውን አልነቅፍም፤ ለብቻውም ቢሆን መንገዱን ያስመታል። ግን ከሥሩ ያለውን ተራራ ሳያዩ መመለስ፣ በእኔ ሚዛን፣ ጉብኝቱን ከግማሽ መንገድ መተው ነው። ይህ መመሪያ ከሰበታ ተነሥቶ፣ በጥድ ውስጥ አልፎ፣ ዛፍ አልቆ ድንጋዩ እስከሚገለጥበት አናት ድረስ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ተራራውን እወቁት

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ከእንጦጦ ጫፍም ይበልጣል። የተሠራበት ድንጋይ በአብዛኛው ትራካይት የሚባለው ነው። ትራካይት ሲሊካ ከበዛበት ቅልጥ ዓለት የሚወጣ ሲሆን፣ ሲሊካ በበዛ ቁጥር ቅልጡ ይወፍራል፣ ፍሰቱም ይዘገያል። ቀጭኑ ባዛልት እንደ አጥሚት ሜዳውን ሞልቶ ርቆ ሲሄድ፣ ትራካይት ግን እንደ ገንፎ ከወጣበት ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ በላይ በላዩ ይቆለላል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ወጨጫ፣ ፉሪና የረር እንዲህ ገደልና ጉልላት ያላቸው ሆነው ከሜዳው ድንገት ብድግ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ስምጥ ሸለቆው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ፣ እነዚህ ተራሮች ግን ከየረር ጀምሮ በወጨጫ በኩል አድርጎ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል ድረስ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋ በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሚቆጠር የስንጥቅ መስመር ላይ የተሰለፉ ናቸው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ለዚህ መስመር የሁለቱን ጫፎች ስም ሰጥተውታል፦ የረር–ቱሉ ወለል። አናቱ ላይ ስትደርሱ መስመሩን በዓይናችሁ ልትከተሉት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ከወዲሁ አእምሯችሁ ውስጥ ይግባ።

እንጦጦም የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ዕድሜው ግን ከወጨጫ እጅግ ይበልጣል። ዛሬም ቢሆን ከከተማዋ ሥር ሙቀት እንዳለ ለማወቅ ፍልውሃ መታጠብ በቂ ነው።

ወቅቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ክረምቱ ያጠበው አየርም ገና አቧራ አልገባበትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ጠዋት ውርጭ አለ፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ብታገኙት አትገረሙ። በመስከረም አጋማሽና መጨረሻ መሄድ የሚፈልግ ዐደይ አበባን በሙሉ ድምቀቱ ያገኛል፤ በምትኩ ጭቃውን ይታገላል።

የካቲትና መጋቢት ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን አየሩ በአቧራና በጭስ ይደበዝዛልና ከላይ የሚታየው ያንሳል። በልግ ከገባ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ? ተዉት። ከሰበታ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ደመናው እስከ ጥዱ ሥር ይወርዳል፣ ከአናቱም የምታዩት የራሳችሁን ጫማ ብቻ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ በአውቶቡስ የሚመጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች ይበዛሉ። ጉሬዛ ማየት የሚሻ ሰው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሂድ።

የመንግሥት ደን ነው፤ በበሩ ግቡ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህ ማለት ግን ማንም በፈለገበት በኩል ይገባል ማለት አይደለም። መናገሻ ሱባን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ሱባ ላይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ እዚያ ተመዝግባችሁ፣ የመግቢያ ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ትገባላችሁ። ለአገር ውስጥ ጎብኚና ለውጭ ዜጋ ክፍያው ስለሚለያይ መታወቂያ ያዙ። መኪና ካላችሁም ይከፈልበታል። የዋጋ ዝርዝር እዚህ አላሰፍርም፣ ምክንያቱም ዓመት ሳይሞላው ይቀየራል፤ ለማንኛውም ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በቴሌብር ብቻ ተማምኖ መሄድ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ አፍ ላይ ያስቆማል።

አስጎብኚ ያዙ። ግዴታ ባይሆንባችሁ እንኳ ያዙ። ጫካው ውስጥ የከብት መንገድ፣ የእንጨት ለቃሚ መንገድና የጎብኚ መንገድ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ፤ ጉም ከወረደ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ስለሆነ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ ጉሬዛዎቹ ትናንት የት እንዳደሩ ያውቃል። ክፍያውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። «እስከ ጫካው» እና «እስከ አናቱ» የተለያየ ዋጋ ናቸውና ከመጀመሪያው «አናቱ ድረስ ነው የምንሄደው» በሉ። አለበለዚያ ፏፏቴ አሳይቷችሁ ይመልሳችኋል፤ አብዛኛው ጎብኚ የሚጠይቀው ያንን ስለሆነ አይፈረድበትም።

ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት ሰበታ ወይም ሱባ ያለ ሰው ጠይቃችሁ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ አረጋግጡ። ከአዲስ አበባ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ሁኔታ ከወር ወር ሊለዋወጥ ይችላል፤ ባለፈው ዓመት ሄዶ የመጣ ጓደኛ ምስክርነት ለዛሬ አይሠራም። «አሁን ይቅር» ከተባላችሁ ይቅር።

ደን ውስጥ እሳት አታንድዱ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ አትቁረጡ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥን ያስቀጣል። ደረቅ ጥድ ደግሞ ቅባት ስላለው አንድ ጊዜ ከያዘው ማቆም አይቻልም። ቡና ማፍላት ያማራችሁ ከቤት በፔርሙዝ ይዛችሁ ኑ። ድሮንም ያለ ፈቃድ አታንሡ፤ መሣሪያውን ከመነጠቅ በላይ ጣጣ አለው።

መንገዱ

በጅማ መስመር ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ከአየር ጤና ሰበታ የሚል ሚኒባስ ወይም ሃይገር ይይዛል፤ በዓለም ገና አልፎ ከመሀል ከተማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሰበታ ይደርሳል። ከሰበታ ወደ ሱባ የሚወስደው በቀኝ በኩል የሚታጠፈው የጠጠርና የአፈር መንገድ ነው። አስቸጋሪው ክፍል እዚህ ይጀምራል። ወደ ደኑ በር በሰዓቱ የሚመላለስ መኪና የለም። ሰበታ ላይ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ይኖርባችኋል። ኮንትራቱን ደርሶ መልስ አድርጉት፤ ግማሹን ሲያደርሳችሁ፣ ግማሹን ሲመልሳችሁ ክፈሉ። ሙሉውን አስቀድሞ የተቀበለ ሹፌር ማታ ስልኩ አይነሣም።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ፣ በደረቅ ወቅት ከመሬት ከፍ ያለ ማንኛውም መኪና ቀስ ብሎ ይደርሳል። ዝናብ ከነካው ግን ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ያስፈልጋል። ቪትዝ ይዞ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ፤ ሲመለስ ግን አራት ሰው እየገፋው ነበር።

ከአምቦ መንገድ፣ በቡራዩና በመናገሻ ከተማ በኩልም ወደ ተራራው መቅረብ ይቻላል። በዚያ ወገን የተራራው ሰሜናዊ ፊት ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የደኑ ጽሕፈት ቤት፣ ትልልቆቹ ዛፎችና የተዘጋጁት የእግር መንገዶች ያሉት በሱባ በኩል ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የሰበታውን ይምረጥ።

ጊዜውን እንዲህ አስሉት። ከከተማ ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሡ ከሞላ ጎደል 2 ሰዓት ላይ ሱባ ትደርሳላችሁ። 2 ሰዓት ተኩል መራመድ ትጀምራላችሁ። ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ዳገት ነው፤ መካከለኛ እግር ያለው ሰው በሰዓት 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፣ ስለዚህ ከ6 እስከ 6 ሰዓት ተኩል አናቱ ላይ ናችሁ። ከዚያ ወዲያ 7 ሰዓት ላይ ገና ወደ ላይ እየወጣችሁ ከሆነ የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ጥድ ሥር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጨልማል።

ምን ይያዝ

ጫማ ከሁሉም ይቀድማል። አዲስ ጫማ ለብሶ ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው ተረከዙ ላይ ሁለት ውሃ የቋጠረ እብጠት ይዞ ይመለሳል፤ የለመደውንና ሶሉ ያላለቀውን ያድርግ። ረዥም ሱሪና ረዥም ካልሲ የግድ ነው፤ ምክንያቱ ሳማ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በደንብ የበቀለ ሳማ አለ፤ በቁምጣ የመጣ ሰው እስከ ማታ ሲያክ ይውላል።

ልብስ ደራርቡ። ታች ሸሚዝ ብቻ ስለበቃችሁ አናቱ ላይም ይበቃል ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ላብ የጠጣ ሸሚዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ያንቀጠቅጣል። አንድ ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙና አናቱ ላይ ቀይሩ። የዝናብ ልብስ በኅዳርም ቢሆን ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ኮፍያና የፀሐይ ቅባት አትናቁ፤ በዚያ ከፍታ ፀሐይዋ ሳትሞቅ ነው የምታቃጥለው።

ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ። ላይ ያሉት ምንጮች ከብት ስለሚጠጣባቸው እንደተቀዳ አይጠጣም። ለምግብ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ተራ ቆሎ ከማንኛውም ብስኩት ይበልጣሉ፤ አይፈረፈሩም፣ አይበላሹም፣ ጉልበትም ይሰጣሉ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሆነ አስጎብኚያችሁ ሊጾም ይችላልና የጾም ምግብም አስቡ። እናንተ የሥጋ ሳንድዊች ዘርግታችሁ፣ ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ የሚወጣው ሰው ውሃ ብቻ ሲጠጣ ማየት ደስ አይልም።

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። እኛ 2,300 ሜትር ላይ እያደርን ከፍታውን ስለለመድነው ለእኛ ያልተሰማን ለሱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይሆንበታል። እንዲህ የተሰማው ሰው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ብቻ ቀረህ» እያሉ መጎተት አይደለም።

ዳገቱ፣ ከታች እስከ ላይ

መጀመሪያ የምትገቡት ሰው በተከለው ደን ውስጥ ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላ የሚባለው ከውጭ የመጣ ዛፍ። ሥሩ ባዶ ነው፣ ወፍም ብዙ የለም። ቶሎ እለፉት።

ከዚያ የተፈጥሮው ደን ይጀምራል፣ አየሩም ወዲያው ይለወጣል። እዚህ ያለው ጥድ በከተማ አጥር ላይ የምናውቀው አይደለም። ግንዱን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይዞረው አለ። ጠጋ ብላችሁ ልጡን ተመልከቱ፦ ቀይ ቡናማ ነው፣ ወደ ታች በረዥሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፣ በስንጥቆቹ መሐል አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ተጣብቆበታል፤ ጣታችሁን ብታሹበት እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸት ሽታ ይተውላችኋል። በታሪክ እንደሚነገረው ይህ ደን እንዲተከል ያዘዙት ከ1434 እስከ 1468 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ዘሩም ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ መጣ ይባላል። አምስት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም በመንግሥት እጅ ያለ ደን በአገራችን ብዙ አይደለም።

ከጥዱ ጋር ወይራና ዝግባ ተቀላቅለው ታገኛላችሁ። እዚህ ክፍል ላይ ፍጥነት ቀንሱ። ጉሬዛ በዝምታ ለሚሄድ ሰው ይታያል፤ ጥቁርና ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር መጀመሪያ የምትሰሙት የቅርንጫፉን ድምፅ ነው። የምኒልክ ድኩላ ጠዋት ጠዋት በጥሻ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ወንዱ ጥቁር ለመሆን የደረሰ ነው፣ ካያችሁ አትጩኹ፣ አትሩጡ፣ እሱ ራሱ ይሄዳል። ነብር አለ ይባላል፤ እናንተ ልታዩት አትችሉም፣ እሱ ግን ሊያያችሁ ይችላል። ወደ ላይ ብቻ የምታዩ ከሆነ አንድ አረንጓዴ፣ ጉንጩ ነጭ፣ ጅራቱ ረዥም ወፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ሲሮጥ ታገኛላችሁ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከቅጠሉ አይለይም፤ ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ይህን ወፍ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ጫካ ሲገባ አንገቱ ቀና ብሎ ይቀራል።

ከፍታው ሲጨምር ጥዱ እየሳሳ ኮሶ ይመጣል። ቀላ ያለ ግንድ፣ ሰፊ ቅጠል፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ አበባ። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት የሴቴዋን አበባ ነው። ዛሬ ማንም እንዲሞክረው አልመክርም፤ መጠኑ ከተሳተ ዓይን ይጎዳል።

አሁን ድንጋዩን ማየት ጀምሩ። እስካሁን የረገጣችሁት ቀይ አፈር ራሱ በዘመን ብዛት የፈረሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከዚህ በላይ ግን አፈሩ ይሳሳና ዓለቱ ብቅ ብቅ ይላል። ከወደቁት ድንጋዮች መካከል በቅርብ የተሰበረ ፊት ያለው አንድ ፈልጉ። የቆየው ፊት ሽበትና ዝገት ስለለበሰ ምንም አይነግራችሁም። የተሰበረውን ወደ ፀሐይ አዙሩት፦ መደቡ ፈካ ያለ ግራጫ ነው፣ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ውስጡ እንደ ጥፍር ቁራጭ ጠፍጣፋ የሆኑ ትናንሽ ቅንጣቶች አሉ። ቀስ ብላችሁ ስታሽከረክሩት ቅንጣቶቹ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እየበራ ብልጭ ይላሉ። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ነው፤ ቅልጡ ገና ከመሬት ሥር እያለ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የረጋ። ሻካራው መደብ ደግሞ ከወጣ በኋላ በፍጥነት የደረቀው ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ሁለቱንም ጊዜ አያችሁ ማለት ነው።

ጥቁር፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ቅንጣቱ በዓይን የማይለይ ካገኛችሁ ባዛልት ነው። አመድ ተጣብቆ የደረቀ የሚመስል፣ ውስጡ የተጨፈለቁ ቁራጮች ያሉበት ካገኛችሁ ደግሞ ከፍንዳታ የወጣ ትኩስ አመድና ፑሚስ (እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ቀላል ድንጋይ) በአንድነት ተጋግሮ የቀረ ነው፤ ኢግኒምብራይት ይሉታል፣ የአዲስ አበባም ከፊሉ የተቀመጠው በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። ድንጋዩን አይታችሁ ወደ ቦታው መልሱት። መዶሻ ይዞ መምጣት ለተማሪና ለተመራማሪ፣ ያውም በፈቃድ ነው።

ከኮሶው በላይ አስታ ነው። ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አስጎብኚያችሁ ከፊት ይሂድ። እዚህ ላይ ዳገቱን ጨርሳችሁ ወደ ጠርዙ ትወጣላችሁ፤ ነፋሱም እዚህ ይጀምራል። ድንጋዩ ላይ ያለው ሽበት ጤዛ ሲነካው ስለሚያንሸራትት፣ ድንጋይ ላይ ሳይሆን በድንጋዮቹ መሐል ርገጡ።

አናቱ ላይ

ጥቂት ጅብራ፣ አጭር ሣር፣ ነጭ የማይጠወልግ አበባ፣ ከዚያ ሰማይ። ሸሚዛችሁን ቀይሩ፣ አንድ ነገር ቅመሱ፣ ከዚያ ፊታችሁን እያዞራችሁ ቁጠሩ።

በምሥራቅ ከተማዋ ናት፤ በስተሰሜኗ እንጦጦ። ከእሷ በስተደቡብ ቅርብ ያለው ጉብታ ፉሪ ነው፤ ከከተማው ማዶ ብቻውን የቆመው የረር። በደቡብ ምሥራቅ፣ ቀኑ ጥርት ካለ፣ ጫፉ እንደተቆረጠ ሾጣጣ ሆኖ የሚታየው ዝቋላ ነው፤ እሱ ጉድጓዱን እስከዛሬ ያልጣለ፣ ውስጡም ሐይቅ ያለበት ተራራ ነው። ወጨጫ ግን በዕድሜ ስለሚበልጥ ዝናብና ወንዝ ጎኑን በልተውት ክብ ጉድጓድ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ በምትኩ እየተሰበሩ የሚወርዱ ጠርዞችና በመሐላቸው የተቦረቦሩ ሸለቆዎች ታያላችሁ። በደቡብ ምዕራብ ከእግራችሁ ሥር የተዘረጋው ጠፍጣፋ ምድር የበቾ ሜዳ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈርሶ የፈጠረው መረሬ አፈር፣ ክረምት ውሃ የሚያቁር፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ፤ የበቾ ጤፍ የሚመጣው ከዚያ ነው። በሜዳው ውስጥ አዋሽ እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

ከየረር ተነሥታችሁ በራሳችሁ ላይ አሻግራችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ያንን የስንጥቅ መስመር ተከተላችሁት ማለት ነው።

ደመና ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከሰማችሁ የምሳውን ነገር ተዉት። አናት ላይ ያለ ሰው መብረቅ ከሚፈልጋቸው ረዣዥም ነገሮች አንዱ ነው። ብቸኛ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ፤ ጠርዙን ለቃችሁ ውረዱ።

መውረድና በመንገድ የሚያጋጥም ሰው

ጉልበት የሚጎዳው ሲወረድ ነው። ዱላ ያልያዘ አስጎብኚውን ጠይቆ የወደቀ እንጨት ያንሣ። የጫማ ማሠሪያችሁን ከቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፤ አለበለዚያ ጣታችሁ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ስትወጡ ያላያችሁትን ታያላችሁና የመጣችሁበትን መንገድ አትናቁ።

አካባቢው ሰው ይኖርበታል። አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛ የሚችል ብዙ ቢኖርም ሰላምታውን በቋንቋው ስትጀምሩ ፊት ይፈታል። ጠዋት «አካም ቡልተኒ»፣ በማንኛውም ሰዓት «አካም ጂርቱ»፣ ለምስጋና «ገለቶማ» ይበቃችኋል። ትልቅ ሰው ሲያልፍ ቆም ብላችሁ አሳልፉ። እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው፤ ጀርባቸውን ቢሆንም። ለልጆች ብርም ሆነ ከረሜላ አትበትኑ፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እንዲከተሉት ታስተምሯቸዋላችሁ። ማር ወይም እንቁላል የሚሸጥ ካገኛችሁ ግዙ።

ከነብርና ከጅብ ይልቅ ሊያሳስባችሁ የሚገባው የእረኛ ውሻ ነው። አትሩጡ። ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሣችሁ ምሰሉ፣ ባለቤቱን ጥሩ። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን አይደለም፤ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ቁራጭ ሳሙና ይኑር። ሰው ተሰብሮ ወይም ራሱን ስቶ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጠርዙ መውጣት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ሁለት ሰው ከተጎዳው ጋር ይቅር።

ከ10 ሰዓት በፊት ሱባ ድረሱ። ጽሕፈት ቤቱ መመለሳችሁን እንዲያውቅ ስማችሁን አስነግሩ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሰበታ ላይ የአየር ጤና ታክሲ ወረፋ ከ11 ሰዓት በኋላ ይረዝማል፣ በተለይ እሑድ።

ከወጨጫ በኋላ

ጉድጓዱ ያልጠፋ እሳተ ገሞራ ማየት የፈለገ ቢሾፍቱ ይሂድ። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ የሚባሉት ሐይቆች የተኙት ቅልጥ ዓለት ከመሬት ውስጥ ውሃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ እንደ ወጨጫ አልተቆለሉም፣ መሬቱን ቦረቦሩት እንጂ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ለአረጋዊም ለሕፃንም ይመቻል። ዝቋላ ደግሞ ገዳም ስለሆነ ሥርዓቱን አክብሮ የሚወጣ ይውጣ፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ነውና ጸጥታ የሚፈልግ እነዚያን ቀናት ይለፍ፣ ንግሡን ማየት የሚፈልግ ደግሞ በዋዜማው ይድረስ። የተሰበረ ድንጋይ ማገላበጥ የጣማችሁ በቡታጅራ መንገድ ወደ ጥንታዊ ሰዎች መገኛው መልካ ቁንጥሬ ውረዱ፤ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባልጩት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ባልጩት መንደር አካባቢ ማሳ ላይ ተበትኖ ይታያል። ስለቱ ሥጋ ይቆርጣልና ልጆች በባዶ እጃቸው እንዳያነሡት፣ እናንተም አንዲት ስባሪ እንኳ ኪሳችሁ ከታችሁ እንዳትወጡ።